የተሸናፊዋ ካፒቴን ምስጋና

«ማይኩን ስትይዢ እናትሽን እንዳትጠሪ፣ ሼም ነው!» አለች ቲጋን፣ የጓደኛዋን የዊላን ክንድ ቆንጠጥ አድርጋ። «መሳቂያ ነው የሚያደርጉን።»

የሴቶቹ የእግር ኳስ ፍጻሜ ገና መጠናቀቁ ነው። የአውስትራሊያዋ የባሕር ዳርቻ መንደር፣ የካራዊ ልጆች፣ በአንዲት ጎል ተሸንፈዋል። በሊጉ ልማድ ደግሞ ቀድሞ ማይክ የሚይዘው የተሸናፊው ካፒቴን ነው፤ ዳኞችን፣ ተጋጣሚን፣ ቋሊማ የጠበሱትን ሳይቀር ያመሰግናል። ካፒቴኗ የአሥራ አምስት ዓመቷ ዊላ ናት።

ከተሜዎቹ አሸናፊዎች ከጠዋት ጀምሮ ሲያሾፉ ነው የዋሉት። «ሳሩ ላይ እንዳትወድቁ፣ የሽንት ቤት ውሃ ጠጥቶ ነው ያደገው!» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። የመንደሩ ፍሳሽ ተጣርቶ ለተጣራ ውሃ በተለየው ሐምራዊ ቧንቧ ወደ ሜዳው ይመጣል። ሁለት ዓመት ሙሉ ዝናብ ጠብ ሳይል ሜዳው ለምለም ነው። ፍጻሜው ወደ ካራዊ የመጣውም የከተሜዎቹ ሜዳ አቧራ ሆኖ ስለተዘጋ ነው። ይህን ግን ማን ያነሳዋል?

ማጣሪያውን የምታንቀሳቅሰው የዊላ እናት ሮዝሊን ናት፤ ያውም ብቻዋን። የልጇን አንድም ፍጻሜ አይታ አታውቅም። በእረፍት ሰዓት አገሩ ሁሉ አንድ ላይ ሽንት ቤት ይገባል፤ ያን ጊዜ ፓምፑ ጋ ሰው ከሌለ ጉድ ይፈላል።

ዊላ ዘወር ስትል እናቷ አጥሩ ጋ ደርሳለች፤ ብርቱካናማ የሥራ ልብሷን እንኳ አላወለቀችም። አጠገቧ ያሉት አዛውንት ውጤቱን ሲነግሯት ሁለት እጇን ወደ ላይ አንስታ አጨበጨበች፤ ልጇ ዋንጫ የበላች ነው የሚመስለው። ዊላ አፈረች፤ ያፈረችው ግን በእናቷ ሳይሆን በራሷ ነበር።

ማይኩን ተቀበለች። ዳኞቹን አመሰገነች፣ ተጋጣሚዎቿን አመሰገነች፣ ቋሊማ ጠባሾቹንም አልረሳችም። ቲጋን «በቃ፣ ነይ!» እያለች በዓይኗ ትጠቅሳታለች።

«አንድ ሰው ይቀረኛል» አለች ዊላ። «ይሄን ሳር ያበቀለችው እማዬ ናት። በእረፍት ሰዓት ሽንት ቤት የገባችሁ በሙሉ፣ እናንተም ከተሜዎች፣ ማጣሪያው ጋ ሆና ለእናንተ እየሠራች ነበር። እኔ እኮራባታለሁ። እማ፣ ነይ ግቢ!»

ሜዳው በሳቅና በጭብጨባ ተናጋ። ሮዝሊን ግን እግሯን እያሳየች ራሷን ነቀነቀች።

«ቦቲዬ ጭቃ ነው!» አለች ከአጥሩ ማዶ።

ዊላ ማይኩን ለቲጋን አስጨብጣ ልታመጣት ሄደች።