የእየሩስ ግማሽ

እስኪ ልጠይቃችሁ ልጆቼ። በስልክ ፊልም እያያችሁ፣ ያውም ልብ የሚያንጠለጥለው ቦታ ላይ ደርሳችሁ፣ አጠገባችሁ የተቀመጠች ጓደኛችሁ ድንገት ስልኩን በእጇ ብትሸፍነው ምን ትሏታላችሁ?

ሀኒያማ ጮኸችባት።

«ኧረ ዙሌይካ! አንሺ እጅሽን! አሁን እኮ ሊይዙት ነው!»

ዙሌይካ እጇን አላነሳችም።

ፊልሙ የፈረንጅ ነው፤ አንድ ሰውዬ ከላይ በአማርኛ የሚያወራበት፣ ትርጉም የሚሉት ዓይነት። አንድ ትልቅ ኩባንያ ገና ያልተፈተነ መድኃኒት ይዞ ድሃ አገር ይሄዳል። ሰዎቹ መሞከሪያ መሆናቸውን አያውቁም፤ እርዳታ መስሏቸው ይውጣሉ። አንድ ጋዜጠኛ ይደርስበትና መኪና ያሳድደዋል። ሀኒያ የወደደችው ማሳደዱን ነው። ዙሌይካ ያየችው ግን አልጋ ላይ የተኛችውን ትንሽ ልጅ ነው። የልጅቷ ዓይን እንደ እርድ ቢጫ ሆኗል።

የእየሩስም ዓይን እንደዚያ ሆኖ ነበር።

እየሩስ የጎረቤታቸው የባንቺአየሁ ልጅ ናት። ትምህርት ቤት እንኳን ሳትገባ ባለፈው ሳምንት ቀበሯት። ቅሬው፣ የሰፈሩ እድር ማለት ነው፣ ተጠርቶ እስላሙም ክርስቲያኑም ወጣ። የዙሌይካ አባት መረቡን ጥሎ መጥቶ መቃብር ቆፈረ። «የወፍ በሽታ ነው፣ የፈጣሪ ሥራ ነው» ተባለ። የልጅቷ አባት ፈንታሁን ጦርነቱ ሲመጣ እንደወጣ ነው፤ ይኑር ይሙት የሚያውቅ የለም። ባንቺአየሁ ለቅሶው ላይ ያለችው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«አባትሽ ሲመጣ ምን እለዋለሁ?»

እነሱ ሰፈር መድኃኒት የመጣው ደግሞ እንዲህ ነው። ጦርነቱ ካለፈ በኋላ ጤና ጣቢያው ባዶውን ቀረ፤ አልጋው፣ መርፌው፣ በሩ ሳይቀር ተወስዷል። ስለዚህ ሰዎች ነጭ ድንኳን ይዘው ሲመጡ አገሩ በሙሉ «አልሐምዱሊላህ» አለ። የሀኒያ ወንድም አብዱልሰመድ እንግሊዝኛ ስለሚችል አስተርጓሚ አድርገው ቀጠሩት። «ለልጆች የወባ መከላከያ ነው፣ በየቀኑ አንድ ፍሬ ይዋጣል» ብሎ ተረጎመ። ሐይቅ ዳር የሚኖር ሰው ወባን ያውቃታል። ማን እምቢ ይላል?

የዙሌይካ ትንሽ ወንድም ሙአዊያ ሚዛን ላይ ወጥቶ ተመዘነና ኪኒኑን ተቀበለ። እየሩስ ስትወጣ ግን የምትመዝነው ሴትዮ ራሷን ነቅንቃ አወረደቻት። ለምን እንደሆነ የነገራቸው የለም። እየሩስ ሚዛኑ አጠገብ ቁጭ ብላ «እኔስ?» እያለች አለቀሰች።

የዙሌይካ እናት ኡሙሰልማ ይህን ስታይ ሆዷ አልቻለም።

«አባቷ የለ፣ ደሞ ከመድኃኒት ትለይ? ልጅ እያየ ብቻን አይበላም» አለች።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ኪኒኑን በቢላ ለሁለት ትከፍለዋለች። ግማሹ ለሙአዊያ፣ ግማሹ ለእየሩስ። በአጥሩ ቀዳዳ ሾልካ የምታደርሰው ዙሌይካ ነበረች። እየሩስ እንደ ጫጩት አፏን ከፍታ ትጠብቃታለች። ከዋጠች በኋላ «ይመራል!» ብላ ትስቃለች።

«ምን ሆነሽ ነው?» አለች ሀኒያ፣ አሁን ድምፅዋን ቀነስ አድርጋ።

ዙሌይካ ሳትመልስ አብዱልሰመድ ገባ። «ምንድነው ጩኸቱ? ሰፈሩን አሸበራችሁት እኮ» አለ።

«ፊልም ከለከለችኝ!»

ዙሌይካ ቀና ብላ አየችው። «አብዱልሰመድ፣ የምትሰጡት ኪኒን ሌላ አገር ተሰጥቶ ያውቃል?»

ሳቀ። «ፊልም አበዛሽ አንቺ ልጅ። ደሞ እኔን ወንጀለኛ ልታደርጊኝ ነው?»

«እየሩስን ለምን መለሳችኋት?»

«ቀጭን ነበረቻ። የቀጭን ልጅ ጉበት ላይ ይከብዳል ብለው ነው።»

«ለምን አልነገራችሁንም?»

«እኔ ተናገር ያሉኝን ነው የምናገረው። ይሄን ተናገር አላሉኝም።» ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። «ደሞ እሷ አልወሰደችም። ምን አገናኘው?»

ዙሌይካ የገዛ እጇን አየች። ሀኒያ ግን ወሬ አያድርባትም።

«አትፎግረን! በየቤቱ ሁሉም ያካፍል የለ እንዴ? እትዬ ኑርሀያት እንኳ ለጎረቤቷ ልጅ...» አለችና የወንድሟን ፊት አይታ አቆመች።

አብዱልሰመድ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። «ሰጣችኋት?»

«እኔ ነኝ የሰጠኋት» አለች ዙሌይካ። «በእጄ።»

ተነስቶ በሩን ዘጋ።

«ስሙኝ። እየሩስ ከተመዘገቡት ልጆች አይደለችም። ለነሱ የሞተ ልጅ የለም። ይሄ ነገር ከወጣ ድንኳኑ ይነሳል። የአባባ ሱቅ ከተዘረፈ ወዲህ ይቺ ቤት የምታድረው በኔ ሥራ ነው። ደሞ ልጅቷ አትመለስም።»

«ሌሎቹ ልጆችስ?»

አብዱልሰመድ የበሩን መቀርቀሪያ ነካካ።

«ገና እየተሞከረ ነው አይደል? በኛ ላይ።»

ወለሉን እያየ ራሱን ነቀነቀ። አዎ ማለቱ ነበር።

ሀኒያ እስከ ደጅ ሸኘቻት። ክንዷን ያዝ አድርጋ «በአላህ ዝም በይ» አለቻት። «ላንቺም ብዬ ነው። እትዬ ባንቺአየሁ ልጄን ጎረቤቴ ገደለቻት ብትልስ? እናትሽ ይሄን ሰምታ የምትተርፍ ይመስልሻል?»

ዙሌይካ በሐይቁ ዳር ዳር ሄደች። አባቷ ታንኳዋን ዳር አውጥቶ መረብ እየጠገነ ነው። «አብሽሪ ልጄ፣ ምነው ፊትሽ?» አላት። «ምንም» ብላ አለፈች። ዝም ብትል እኮ ማንም አያውቅም። ወላሂ ማንም።

ኑርሀያት ደጃፍ ስትደርስ ግን እግሯ ቆመ። ሴትዮዋ ኪኒን በምላጭ እየከፈለች ነው። የራሷ ልጅ አንድ በኩል፣ የጎረቤቷ ልጅ ሌላ በኩል ቁጢጥ ብለዋል። የጎረቤቷ ልጅ አንገቱ ቀጭን ነው። አፉን ከፍቶ ይጠብቃል።

«እትዬ ኑርሀያት፣ አይስጡት!»

«ምን አልሽ?»

«ለሁለቱም አይስጧቸው። ለዛሬ ብቻ። በአላህ!»

ኑርሀያት ከላይ እስከታች አየቻት። «የጎረቤት ልጅ ከአፉ ነጥቂ ነው የምትይኝ? ኡሙሰልማ እንዲህ ነው ያሳደገችሽ?»

ዙሌይካ አንገቷን ደፋች፤ እንባዋ መጣ። ኑርሀያት እንባውን ስታይ ምላጩን አስቀመጠች። ግማሾቹን በሻሿ ጫፍ ቋጠረቻቸው።

«እሺ። እስከ ነገ ትቆይ። ነገ ግን ነገሩን ትነግሪኛለሽ።»

ቤት ስትደርስ እናቷ አጥሚት በፔርሙዝ ሞልታ እየከደነች ነው። «መጣሽ? ይሄን ለባንቺ አድርሺላት። እህል የሚባል አልቀመሰችም። አንቺ ስትሰጫት እምቢ አትልሽም።»

ዙሌይካ ፔርሙዙን ተቀበለች። ሞቅ ይላል። የእናቷን እጅ አየች፤ ጠዋት ጠዋት «ቢስሚላህ» ብሎ በጥንቃቄ፣ እኩል እንዲሆን የሚከፍለውን እጅ።

«እማ፣ አብረን እንሂድ።»

«ምነው? ማታ እሄዳለሁ ብዬ ነበር እኮ።»

«የምነግራችሁ ነገር አለ። ለሁለታችሁም፣ አንድ ላይ።»

ኡሙሰልማ ልጇን ትክ ብላ አየቻት። ሻሿን ሳብ አድርጋ ተከተለቻት።

በአጥሩ ቀዳዳ ገቡ። ባንቺአየሁ ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች፤ የእየሩስ የላስቲክ ጫማ ጭኗ ላይ ነው። ስታያቸው ፊቷ ትንሽ ፈታ አለ።

«ግቡ፣ ግቡ። ነይ ዙሌይካዬ፣ እዚህ ከጎኔ ተቀመጪ። እየሩስ ጠዋት ተነስታ መጀመሪያ የምታየው ይቺን ቀዳዳ ነበር። አንቺን ስትጠብቅ።»

ዙሌይካ ፔርሙዙን አስቀመጠች። ከጎኗ አልተቀመጠችም፤ ከፊቷ መሬት ላይ ተንበረከከች። «እትዬ ባንቺ» አለች።

ከዚህ ወዲያ ያለውን እኔ መጻፍ አይሆንልኝም ልጆቼ። እናንተ ግን ዛሬ ስትተኙ፣ በመስጊድም በቤተ ክርስቲያንም ያደጋችሁ፣ አንድ ጊዜ ለዙሌይካ ዱዓ አድርጉላት፤ ቃሉ ከአፏ እንዲወጣላት።