ለአርባ ሦስት ሰው

ልብስ ሰፊዋና መስታወት ቆራጩ የተዋወቁት በጠብ ነው።

«ተጣሟል» አለችው፣ መለኪያ ክፍሏ ውስጥ የሰቀለውን ትልቅ መስታወት እያየች።

«ግድግዳው ነው የተጣመመው።»

«ደንበኞቼ የሚያዩት ግድግዳውን አይደለም።»

ሳቀና አውርዶ እንደገና ሰቀለው። በሳምንቱ «እስኪ ተጣሞ እንዳይሆን ልየው» ብሎ መጣ፤ በሌላውም ሳምንት እንዲሁ። በሦስተኛው ወር መስታወቱን ማየት ትቶ እሷን ብቻ ያይ ጀመር።

እንቅፋቱ የመጣው ከስልክ ነው። የሱ ቤተሰብ የሚኖረው አንድ ግሩፕ ውስጥ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ እናት፣ አክስቶች፣ የአክስት ልጆች፣ አርባ ሦስት ሰው። ልደቱም፣ ለቅሶውም፣ ሐሜቱም እዚያ ነው። እሷ ግን የመልእክት መላላኪያውን አፕ ስልኳ ላይ አልጫነችም።

«ገና ሳይከፈት የስልክ ማውጫሽን ላንብብ ይለኛል» አለችው። «እዚያ ያሉት ሴቶች ቁጥራቸውን የሰጡት ለእኔ ነው።»

«ሁሉም ሰው ይጠቀምበታል እኮ፣ የኔ እመቤት።»

«ሁሉም ሰው የሰው ወገብ አይለካም።»

ታናሽ እህቱ «የድንጋይ ዘመኗ» የሚል ስም አወጣችላት። እናቱም «ንጹሕ ሰው ምን ይደብቃል?» አሉ፣ እሷ እየሰማች። የግብዣ ሰዓት ሲቀየር የሚነግራት ጠፍቶ ሁለት ጊዜ ባዶ ቤት አንኳኩታ ተመለሰች። በመጨረሻ እሱም ደከመው።

«ለእኔ ብለሽ» አላት።

ለፍቅር ሲባል የማይደረግ የለምና ጫነችው። ወዲያው ግሩፑ ውስጥ አስገቧት።

መጀመሪያ ላይ ክፉ አልነበረም። ዓይን አፋር ናት፤ ፊት ለፊት አልወጣ የሚላት ቃል በጣቷ ይወጣላት ጀመር። አንድ ቀን ለማንም ያልተናገረችውን ለብቻው ጻፈችለት፦ «አባቴ ሞቷል ያልኩህ ውሸት ነው። እስር ቤት ነው። እሁድ እሁድ ስንቅ አደርስለታለሁ። እንዳትጠላኝ ፈርቼ ነው።»

የማታውቀው ነገር ነበር። እሱ የሚሠራበት መስታወት ቤት ከደንበኞች ትእዛዝ የሚቀበለው በሱ አካውንት ነው። አካውንቱ ደግሞ መግቢያው ላይ ባለው ኮምፒውተር ቀኑን ሙሉ ክፍት ይውላል፤ ኮምፒውተሩ ፊት የምትቀመጠው ያቺው ታናሽ እህቱ ናት። እሱ መንገር ቀርቶ ማሰቡንም ረስቶታል።

እህትየው መልእክቱን ፎቶ አንስታ ግሩፑ ላይ ለጠፈችው። ከሥሩም «የወንድሜ አማት ቀለባቸው ከመንግሥት ነው» ብላ ጻፈች። አርባ ሦስት ሰው አየው፤ ሃያ የሚሆነው ሳቀበት። እሱ ሁለት ቀን ሙሉ አንዲት ቃል አልጻፈም።

ልብስ ሰፊዋ አላለቀሰችም። ደብተሯን ገለጠች። ታናሽ እህቱ በሚቀጥለው ወር ልታገባ ነው፤ የሠርግ ቀሚሷን የምትሰፋላትም እሷው ናት። ደብተሩ ላይ የሦስት ጊዜ የወገብ ልኬት ሰፍሯል፦ ስልሳ ስምንት፣ ሰባ አንድ፣ ሰባ አምስት። ልብስ ሰፊ ከሐኪም ቀድማ የምታውቀው ነገር አለ።

ገጹን ፎቶ አነሳችው። ግሩፑን ከፈተች። ጣቷን ስታስጠጋ ልቧ በደስታ መታ። ከዚያ ተወችው። በአንድ ንክኪ የሚያልቅ በቀል አላጠግብ አላት።

በማግስቱ ሙሽራዋ ቀሚሷን ልትለካ መጣች።

«ቀልድ ነበር እኮ» አለች እየለበሰች። «አንቺ ደግሞ ነገር ታከሪያለሽ።»

«ቀጥ በይ።» ሜትሩን ወገቧ ላይ አዞረች። «ሰባ ሰባት።»

«ወፈርኩ መሰለኝ።»

«ክንድሽ ሳይወፍር? ስንት ወርሽ ነው፣ እህቴ?»

መስታወቱ ውስጥ የሙሽራዋ ፊት እንደ ቀሚሱ ነጣ። «እማዬ ትገድለኛለች» አለች በሹክሹክታ። «ማን ያውቃል?»

«እስካሁን እኔና ደብተሬ።» ስልኳን እጇ ላይ አኖረችላት። የደብተሩ ፎቶ ተዘጋጅቷል፤ ከላዩ የግሩፑ ስም አለ፤ የቀረው መላክ ብቻ ነው። «ለአርባ ሦስት ሰው። ያዢልኝ፤ እኔ ጠርዙን ልጨርስ።»

ተንበረከከችና ስፒል በስፒል፣ ሳትቸኩል ሰካች። ከላይ ልቅሶ ሰማች፤ ቀና አላለችም። እውነቱን ለመናገር ጣፈጣት።

«ምን ላድርግልሽ? ልንበርከክ?»

«እንዳትሞክሪው፣ ቀሚሱ ይጨማደዳል። ፎቶውን አጥፊውና በራስሽ ስልክ ጻፊ።»

ሙሽራዋ ጻፈች፦ «የወንድሜን መልእክት ሰርቄ ያነበብኩት እኔ ነኝ። ነውሩ የሷ ሳይሆን የኔ ነው።» ላከችው። አፍንጫዋን ጠራርጋ «ወገቡስ? የሠርጉ ቀን ቢተረተርብኝስ?» አለች።

«ትናንት አስፍቼዋለሁ፤ ማንም አያውቅብሽም። ላንቺ ብዬ አይደለም። የኔ ስፌት ሰው ፊት አይተረተርም።»

ሙሽራዋ እንደወጣች ልብስ ሰፊዋ አፑን ከስልኳ ላይ ነቀለችው።

በነጋታው እሱ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ።

«አካውንቱን አጠፋሁት» አላት።

«እሱን አልጠየቅኩህም። ሁለት ቀን ለምን ዝም አልክ?»

ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። «ፈራኋቸው» አለ።

ሰበብ ቢደረድር ኖሮ በሩን ትዘጋበት ነበር። እውነቱ ግን አናደዳትም፣ አሳዘናትም።

«እሁድ ጠዋት ሦስት ሰዓት» አለችው። «ስንቁን የምትሸከመው አንተ ነህ።»

እሁድ እስር ቤቱ በር ላይ ሰልፉ ረጅም ነበር። ጠባቂው የእያንዳንዱን ጠያቂ ዝምድና ጮክ ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱም ጮክ ተብሎ ነው የሚሰጠው። ከኋላቸው ሁለት የመስታወት ቤቱ ደንበኞች ቆመዋል፤ አይተውታል፣ እሱም አይቷቸዋል።

«አንተስ ምኑ ነህ?»

ወደ እሷ ዞረ። እሷ የአጥሩን ሽቦ ታያለች። ሁለት ቀን ባይሞላም ትንሽ ዝም ልትለው ፈልጋለች።

«ሰውዬ፣ አንተን ነው! ወንድም ነህ? አጎት?»

«ልጃቸውን የምወድ ነኝ!» አለ፣ ሰልፉ ሁሉ እስኪሰማው።

ሰልፉ በሳቅ ፈነዳ። «እንዲህ የሚባል ዝምድና ቅጹ ላይ የለም» አለ ጠባቂው። «ወይ ዘመድ ሁን፣ ወይ ሰልፉን ልቀቅ።»

እሱ ግን ንቅንቅ አላለም። እሷ የመጨረሻው ሳቅ እስኪያበቃ ጠበቀች። ከዚያ የስንቁን ዘንቢል አንድ እጀታ ያዘችለት።

«አማች ብለህ ጻፈው» አለችው ጠባቂውን።