የወረቀት ዕድሜ

«ጠበቅ አድርጊው እንጂ! ምን ያለሰልስሻል?»

«ከዚህ በላይ ካጠበቅኩትማ እግርህ ይደነዝዛል።»

«ይደንዝዝ። እስከ ማታ ብቻ ይቁምልኝ።»

ላስቲክ የሚባለው ወንድሟ ፎጣ ነክሶ ዓይኑን ጨፈነ። ታናሽ እህቱ ፋሻውን አንድ ዙር ጨምራ ጠመጠመችለት። ጉልበቱ ከማበጡ የተነሣ ከሌላኛው ጋር የአንድ ሰው እግር አይመስልም። እሷ አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ከኋላው ስለማትጠፋ ስሟን ትቶ «ጭራዬ» ይላታል። እሱ ደግሞ የእግር ኳስ በረኛ ነው። ወድቆ ሲነሣ ስለሚነጥር ሰፈሩ ሁሉ ላስቲክ ይለዋል። ይነጥር ነበር ማለት ሳይሻል አይቀርም።

እናታቸው ገባች። መጀመሪያ መስኮቱን ዘጋች፤ ከዚያ ልጇን አገላብጣ ሳመችውና በጆሮው «እንኳን ለሠላሳ ዓመትህ አደረሰህ፣ የኔ አንበሳ» አለችው። ጉድ እኮ ነው! ሰው በገዛ ቤቱ የልጁን ልደት ያንሾካሹካል?

ምን ታድርግ። ወረቀቱ ላይ ላስቲክ ሃያ አምስት ዓመቱ ነው። ለወጣት ቡድን ሲመዘገብ አምስት ዓመት የቀነሱለት አባታቸው ራሳቸው ነበሩ፤ ነፍሳቸውን ይማርና። ያኔ ቤቱ በሳቅ ፈርሶ ነበር። ሃያ ሰባት የሆነው መካከለኛው ወንድማቸው እስከ ዛሬ «ና እስቲ ታናሼ፣ ታላቅህን ውሃ አጠጣ» እያለ ያበሽቀዋል። ዛሬ ግን የሚስቅ የለም። የድሮው ቡድኑ ካሰናበተው ወዲህ አንድ ትልቅ ቡድን ለሙከራ ሲጠራው ይህ የመጀመሪያው ነው፤ ሙከራውም ዛሬ ከሰዓት ነው።

እናቱ ስትወጣ ላስቲክ ወደ እህቱ ዞረ።

«እኔ ኳስ ከመያዝ ሌላ ምን አውቃለሁ? አብሮ አደጎቼ ልጅ ትምህርት ቤት ያደርሳሉ። እኔ ገና ከእናቴ ቤት አልወጣሁም። ዛሬ ካላለፍኩ በቃ፣ አለቀልኝ።» ድምፁ ተሰበረ። ሲያለቅስ አይታው ስለማታውቅ የምትገባበት ጠፋት። «ማንም ቢጠይቅሽ ጉልበቴ ደህና ነው። ዕድሜዬ ሃያ አምስት። ዋ!»

«ምን ቆርጦኝ እናገራለሁ!» አለች። የውሃ ኮዳውን አንሥታ ተከተለችው።

ሜዳው ዳር ካለው አግዳሚ ላይ ውሃውን ታቅፋ ተቀመጠች። ከላስቲክ ጋር የሚፎካከረው በረኛ ጢም እንኳ ያላበቀለ ልጅ ነው። ላስቲክ የመጀመሪያዎቹን ኳሶች ከመሬትም ከአየርም ለቀመ። «እሰይ!» ብላ ዘላ ተነሣች። ከማዕዘን የተመታውን ለማውጣት ሲዘል ግን በዚያው በታመመው ጉልበቱ ላይ አረፈ። ወዲያው ተነሣ፣ የግዱን ሳቀ፣ የግቡን ቋሚ ተደግፎ ጎንበስ በማለት ጫማውን የሚያስር መሰለ። ጫማው አልተፈታም ነበር።

የቡድኑ ወጌሻ፣ ጠና ያሉ ሰው፣ ሄደው ካነጋገሩት በኋላ ቀጥ ብለው ወደ እሷ መጡ።

«እህቱ ነሽ አይደል?»

«አዎ።»

«ጎበዝ ነው። አሰልጣኙ ወዶታል። ጉልበቱ ግን አላማረኝም። ማደንዘዣ ውጋኝና ልጨርስ ይለኛል።» አጠገቧ ተቀመጡ። «በእርግጥ ሃያ አምስት ከሆነ እወጋዋለሁ፤ ቢጎዳም ይድናል። ከዚያ ከገፋ ግን ሕመሙ ሳይሰማው ይዘልበትና ጅማቱ እዚያው ይበጠስበታል። ያን ጊዜ ኳሱ ይቅርና ደረጃ መውጣትም ብርቅ ይሆንበታል። ፊቱን ሳየው ወረቀቱን አላመንኩትም። እውነቱን ንገሪኝ፣ ልጄ። ስንት ዓመቱ ነው?»

ቀና ስትል ላስቲክ ከግቡ አፍ ላይ ሆኖ ያያታል። ራሱን በቀስታ ነቀነቀ፤ አደራሽን ማለቱ ነው። ሃያ አምስት ብትል ምን አለበት? እናቷም ለሰው ያንኑ ትላለች፣ ወረቀቱም ይላል። ሠላሳ ካለች ደግሞ በሰው ፊት ውሸታም ይሆናል፤ ከእንግዲህ ዞር ብሎ የሚያየው ቡድን አይኖርም። አባቷንም፣ ወጌሻውንም፣ ራሷንም ጠላች።

«ሠላሳ» አለች። አልተሰማላትም። «ዛሬ ሠላሳ ሞላው።»

ወጌሻው ተነሥተው ወደ አሰልጣኙ ሄዱ። ሁለቱ ትንሽ ተነጋገሩ፤ አሰልጣኙ ላስቲክን ጠርቶ ከአንድ ዓረፍተ ነገር የማይበልጥ ነገር ነገረው። ላስቲክ ጓንቱን አወለቀ። እያነከሰ መጣ፤ አሁን ማንከሱን የሚደብቅበት ምክንያት የለም። ፊቱ አመድ መስሏል።

«እንዴት አወቁብኝ?» አለ። «ከመልኬ ነው? ይሄን ያህል ሼባ መሰልኩ?»

«አዎ» ብትለው እዚያው ያበቃ ነበር። ወጌሻውም ፊቱን አይተው ተጠራጥረዋል፤ ማንም አያጋልጣትም።

«እኔ ነኝ የነገርኳቸው።»

ላስቲክ ክው ብሎ ቀረ። አልጮኸባትም፤ ቢጮኽባት በስንት ጣዕሙ።

«ምነው ጭራዬ?» አለ። «ምን በደልኩሽ?»

ልትመልስለት ፈልጋ እንባ ቀደማት። እሱ ትቷት ወደ መውጫው ጥቂት እንደተራመደ ጉልበቱ ከዳው። ሮጣ ስትደርስ ክንዱን ትከሻዋ ላይ ጣለ፤ ሙሉ ክብደቱ አረፈባት። ይቅር ብሏት ይሁን ወይ መራመድ አቅቶት፣ አላወቀችም፤ አልጠየቀችውምም። ወገቡን ያዘችው።

«ቀስ እያልክ» አለችው።