ከማሊያው ጀርባ የተጻፈው ስም

እስቲ ወንበሩን ሳብ አድርጉና ተቀመጡ፣ ልጆቼ። ካፖርታችሁንም አውልቁ፤ ቤቱ ሞቃት ነው። የማጫውታችሁ ስለ ኳስ ነው፤ ደግሞ ስለ ኳስ ብቻም አይደለም። ትምህርቴ እስከ ስድስተኛ ክፍል ስለሆነ አሳምሬ አልናገር ይሆናል። ያየሁትን ግን አልጨምርበትም፣ አልቀንስለትም።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሥራዬ የቅርጫት ኳስ ማየት ነው። ሴንት ፖል ከተማ ውስጥ አንዲት ትንሽ ኮሌጅ አለች፤ ቡድኗ ቲቪ ላይ አይወጣም፣ ጋዜጣም አይጽፍለትም። የዚያ ቡድን ደጋፊ ነኝ። ለምን ብትሉኝ፣ ሴዳር ሪቨርሳይድ በሚባለው ሰፈር፣ እኔ ካለሁበት በላይ ባለው ፎቅ ኤዶሳ የሚባል ልጅ ነበር፤ እሱ ይጫወትበት ነበር። አባቱ ኦቦ ረጋሳ ወዳጄ ነው። የአረጋውያን መኖሪያ ወጥ ቤት ስለሚሠራና ቅዳሜ ፈቃድ ስለማይሰጡት፣ አንድ ቀን ስሜን ጠርቶ «ደረሰ፣ እስቲ ልጄን ሄደህ እይልኝ» አለኝ። ሄድኩ። በዚያው ቀረሁ።

የምነግራችሁ በፈረንጆቹ 2017 መጨረሻ ስለጀመረው የውድድር ዓመት ነው። የመጀመሪያዎቹን ስድስት ጨዋታዎች ተሸነፍን። «ተሸነፍን» ስላችሁ አትሳቁ፤ ደጋፊ የሆነ ሰው እንዲህ ነው የሚለው። በስድስተኛው ጨዋታ ቀን ጂሙ ውስጥ፣ ማለት አዳራሹ ውስጥ፣ የነበርነው አርባ ሰው አንሞላም። እኔ አልቀረሁም። ባቡሩ ከቤቴ ደጅ ነው የሚነሳው፤ ጂሙም ይሞቃል። ደግሞ ሰው ሲሸነፍ እንዴት እንደሚቀመጥ ማየት አንድ ነገር ያስተምራል።

ኤዶሳ ብዙ ነጥብ የሚያገባ ልጅ አልነበረም። ሥራው መከላከልና ማቀበል ነው። ሌላው አግብቶ ሲጨበጨብለት እሱ ወደ ኋላ እየሮጠ ነው። ቁጥሩ አራት፣ ከማሊያው ጀርባ በትልቁ «ረጋሳ» ተብሎ ተጽፏል።

ፈነትን ያወቅኳት እዚያው ነው። የጉዳት ሕክምና የምትማር የአራተኛ ዓመት ተማሪ ነበረች፤ ሥራዋ ከጨዋታ በፊት የልጆቹን ቁርጭምጭሚት በነጭ ቴፕ ማሰር ነው። ሜዳው ዳር ባለች ጠረጴዛ ላይ ተራ በተራ ይቀመጡላታል። አንዱን ልጅ ለማሰር ሁለት ደቂቃ ይበቃታል። ኤዶሳን ግን አምስት። ቆጥሬያለሁ።

እንግሊዝኛውንም ኦሮምኛውንም እየቀላቀሉ ነው የሚያወሩት። እኔ ናዝሬት ስላደግሁ ኦሮምኛው አያመልጠኝም፤ የቀረውን እገምታለሁ።

«አጠበቅሽው» ይላታል።

«ካላጠበቅኩት ትወድቃለህ። ስትወድቅ ደግሞ የምሮጠው እኔ ነኝ።»

«እንግዲያውስ ልውደቅ።»

«ሞክራትና እይ! ሌላ ሰው ነው የምልክልህ።»

ከዚያ ቴፑ ብቻ ቀርር ይላል።

ከገና በኋላ ቡድኑን ምን እንደነካው አላውቅም። ኮቹም የሚያውቅ አይመስለኝም። ሰባት ጨዋታ በተከታታይ አሸነፍን። አንዱን ቀን በደንብ አስታውሳለሁ፤ በረዶው መንገዱን ዘግቶ እንግዳው ቡድን ዘግይቶ የደረሰበት ቀን። በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ኤዶሳ ኳስ ለማዳን ዘሎ ወንበሮቹ ላይ ወደቀ። ፈነት ሮጠች። ሌላ ሰው አልላከችም። እግሩን ይዛ ወዲህ ወዲያ አጠፈችው፤ ኮቹ «ደህና ነው ወይ?» ሲላት «ደህና ነው» አለች። እጇን ግን አላነሳችም። ሰው ሁሉ እየመረመረችው መስሎታል። እኔ ሽማግሌ ነኝ፤ ምርመራውን ከሌላው እለያለሁ።

ያን ቀን በባቡር ስንመለስ ኤዶሳ «ጋሼ፣ ሽማግሌ ትሆነኛለህ?» አለኝ።

«እስካሁን ምን መስዬህ ነው?»

ሳቀና ቦርሳውን አቀፈ። «ወደ ፈነት አባት። ቸኩያለሁ አትበለኝ፤ ሁለት ዓመት ጠብቄያለሁ።»

በፌብሩዋሪ መጀመሪያ ሦስት ሽማግሎች ሆነን የፈነት አባት ወደሚኖሩበት ወደ ሮቢንስዴል ሄድን። ዋናው ተናጋሪ የረጋሳ የቆየ ወዳጅ ኦቦ መርጋ ነበሩ። የፈነት አባት ኦቦ ኦላና የትምህርት ቤት አውቶቡስ የሚነዱ፣ ጨዋ ሰው ናቸው። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ሴት ልጃቸውን ለብቻቸው ነው ያሳደጉት። ልጁን እንደማያውቁት፣ ልጃቸው ግን ስለ እሱ መልካም እንደምትናገር ነገሩን። ነገሩ እየሰመረ መሰለኝ።

«የማን ልጅ ነው?» አሉ።

«የረጋሳ» አሉ ኦቦ መርጋ።

«ረጋሳ የማን?»

«የሙሊሳ።»

በኦሮሞ ወግ እስከ ሰባት አባት ይቆጠራል። ከሰባቱ በአንዱ የተገናኘ ዘመድ ነው፤ አይጋባም። ኦቦ መርጋ ኤዶሳ ያስጠናቸውን እየቆጠሩ ወደ ላይ ወጡ። አምስተኛው ስም ላይ ሲደርሱ ኦቦ ኦላና እጃቸውን አነሱ።

«ይህ የእኔም አምስተኛ አባት ነው» አሉ። የቀዬውንም ስም ጨመሩ፤ ያው ነው።

ረጋሳና ኦቦ ኦላና አንድ ከተማ ውስጥ አሥር ዓመት ኖረዋል፤ የረጋሳ አያት ግን በወጣትነቱ ቀዬውን ለቆ ርቆ ሄዶ ስለነበር፣ ዘመድ መሆናቸው የታወቀው በዚያች ሰዓት ነው። ወጥ ቤት ውስጥ የሳህን ድምፅ ይሰማ ነበር። ቆመ።

«ቆይ፣ ኦላና» አሉ ኦቦ መርጋ። «ልጁ በሥጋ የረጋሳ አይደለም። ኬንያ ካምፕ ውስጥ እናትና አባቱ ሞተውበት፣ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ረጋሳ በጉዲፈቻ የወሰደው ነው።»

«ጉዲፈቻ ከሆነማ ልጁ ነዋ። እኛ ዘንድ ግማሽ ልጅ የሚባል አለ እንዴ?»

ኦቦ ኦላና ወደ ወጥ ቤቱ በር ተመለከቱ። ልጃቸውን ይወዳሉ፤ ከፊታቸው ይታያል። «ወግ ሳላፈርስ የምችለው አንድ ነገር ብቻ ነው» አሉ። «ረጋሳ ‹አሳደግኩት እንጂ ልጄ አይደለም› ብሎ በሰው ፊት ያስነግር። ያን ጊዜ እኔም ሌላ ቃል የለኝም።»

ይህንን ይዘን ተመለስን። ረጋሳ ሰምቶ ብዙም አልቆየም። «አስነግራለኋ! ቃል ነው፤ ምን ይጎድልብኛል?» አለ። ሲናገር ግን ጫማውን እያየ ነው።

ኤዶሳ መስኮቱ ጋ ቆሞ ነበር። «አታስነግርም» አለ።

«አንተ ልጅ፣ አግባና ደስ ይበለኝ!»

«አባ፣ አታስነግርም አልኩህ።»

ከዚያ በኋላ የነበሩትን ሁለት ሳምንታት እንዴት እንደተጫወትን ብትጠይቁኝ፣ አንዱን አሸነፍን፣ ሁለቱን ተሸነፍን። ለማጠቃለያው ውድድር ለማለፍ የመጨረሻዋን የሜዳችንን ጨዋታ ማሸነፍ ግድ ሆነ።

በዚያች ጨዋታ ላይ የኮሌጁ ልማድ አለ። የሚመረቁት ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር ክንድ ለክንድ ተያይዘው ወደ ሜዳው መሃል ይወጣሉ፤ ስማቸውም በድምፅ ማጉያ ይነገራል። ፈነትም ተመራቂ ናትና ከአባቷ ጋር ትወጣለች። የሚነበበውን ስም ለመሙላት ለእያንዳንዱ ካርድ ይሰጠዋል። በካርዱ ላይ ሁለት ሳጥን አለ፤ አንዱ ወላጅ፣ ሁለተኛው አሳዳጊ ይላል።

የኤዶሳን ካርድ ያመጣችለት ፈነት ናት። እግሩን እያሰረች ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት።

«አሳዳጊ የሚለው ጋ ምልክት አድርግ» አለችው። «አባቴ እዚያው ቆሞ ይሰማል። በሰው ፊት ተነገረ ማለት ነው፤ ከዚያ በላይ ምስክር አይፈልግም። ጠይቄዋለሁ።»

ካርዱን አንስቶ አየው።

«አንዲት ቃል ናት፣ ኤዶሳ።»

«አውቃለሁ።»

«አንዲት ቃል ከእኔ በለጠችብህ?»

እግሩን አየ፣ እጆቿን አየ። ያን ቀን እሱንም ለማሰር ሁለት ደቂቃ በቃት።

ካርዱን ሳይሞላ ቤት ወስዶ ጠረጴዛ ላይ ተወው። አሁን የምነግራችሁን ሳስበው ደስ አይለኝም። ረጋሳ ካርዱን ይዞ ወደ እኔ ወረደ። እንግሊዝኛ ማንበብ አይችልም።

«ደረሰ፣ አሳዳጊ የሚለው ሳጥን የትኛው ነው?»

ልጁ እንዳልፈቀደ አውቃለሁ። ግን ሁለቱ ልጆች እንዲጋቡ እኔም ፈልጌ ነበር። ጣቴን አስቀመጥኩለት። እሱ ምልክቱን አደረገ፤ ካርዱን ለፈነት ያደረስኩላት እኔ ነኝ። ተቀብላኝ ሁለቱን እጆቼን ሳመች።

ቅዳሜ ከሰዓት ጂሙ ሞልቶ ነበር። ረጋሳ ለዚያች ቀን ሥራውን ከጓደኛው ጋር ተቀያይሮ፣ ሙሉ ልብስ ለብሶ መጣ። በመጀመሪያ ፈነትና አባቷ ተጠርተው ወጡና መሃል ሜዳው ላይ ቆሙ። ከዚያ አስተዋዋቂው አነበበ።

«ቁጥር አራት፣ ኤዶሳ ረጋሳ! ከአሳዳጊው ከረጋሳ ሙሊሳ ጋር!»

ሰው አጨበጨበ። ፈነት ከሁለት ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ስትል አየኋት። ኦቦ ኦላናም በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። አለቀ ብዬ ቁጭ አልኩ።

ኤዶሳ ግን ሦስት እርምጃ ሄዶ ቆመ። ረጋሳ «ሂድ፣ ሂድ ልጄ» እያለ ክንዱን ይስባል። ልጁ ክንዱን ቀስ አድርጎ አስለቀቀና ወደ አስተዋዋቂው ጠረጴዛ ሄዶ ጎንበስ አለ። አንድ ነገር ተናገረ። አስተዋዋቂው ካርዱን አየ፣ ልጁን አየ፣ ማይኩን እንደገና ያዘ።

«ይቅርታ፣ ስህተት ነበር! ኤዶሳ ረጋሳ፣ ከአባቱ ከረጋሳ ሙሊሳ ጋር!»

ሕዝቡ ሳቀ፤ ከመጀመሪያው አብልጦ አጨበጨበ። የጽሕፈት ቤት ስህተት መስሎት ነው። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል የሆነውን ያወቅን አምስት ሰዎች ነን። ረጋሳ እዚያው በቆመበት ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ኤዶሳ ተመልሶ ክንዱን ያዘውና አብረው ሄደው ከተሰለፉት ጋር ቆሙ። ከፈነት አጠገብ ነበር ባዶው ቦታ።

ኦቦ ኦላና ወደ ልጃቸው ጆሮ ጎንበስ ብለው አንድ ነገር አሏት። እሷም መለሰችላቸው። እኔ ካለሁበት አይሰማም።

በእረፍት ሰዓት የኤዶሳ ቴፕ ተፈትቶ ወደ ጠረጴዛዋ መጣ። ቅርብ ነበርኩ።

«እንግዲህ ዘመዴ ነህ» አለችው።

«ነኝ።»

«እንግዲያው እግርህን ዘርጋ። አታወዛውዘው።»

አምስት ደቂቃ ፈጀባት። ምናልባትም ስድስት።

በአንድ ነጥብ ተሸነፍን። አሥራ ሁለት አሸንፈን አሥራ ሦስት ተሸንፈን ዓመታችን አለቀ። ማጠቃለያው ውድድር ላይም አልደረስንም። ኤዶሳ ለጓደኞቹ አሥራ አንድ ኳስ አቀብሎ አስገብቷቸዋል፤ ራሱ ያገባው አራት ነጥብ ብቻ ነው። ጨዋታው ሲያልቅ ኦቦ ኦላና ሜዳውን አቋርጠው መጥተው ረጋሳን አቀፉት። «ወንድሜ» አሉት። ሁለት ትልልቅ ሰዎች ተቃቅፈው ሲቆዩ፣ ልጆቹ ግራና ቀኝ ቆመው መሬት ያያሉ።

ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ቤቶች በዓል አብረው ነው የሚያሳልፉት። ኤዶሳ ፊሊፕስ በሚባለው ሰፈር ሕፃናትን ኳስ ያሠለጥናል። ፈነት ሮቢንስዴል ያለው ሆስፒታል ሥራ ገባች። ሲገናኙ እንደ ዘመድ ይሳሳማሉ፤ ቶሎ ይላቀቃሉ።

ባለፈው ዓመት ጉልበቴን ለመታየት ሄጄ እዚያው አገኘኋት። የተቀመጥኩበትን የሕሙማን ጋሪ እየገፋችልኝ ስንሄድ ያን ካርድ በማድረሴ ይቅርታ ጠየቅኳት። «ተወው ጋሼ» አለችና ቆም አለች። «አባቴ ያን ዕለት ጆሮዬ ላይ ምን እንዳለኝ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«‹ጩኸት ስለነበር ሁለተኛውን አልሰማሁም እላለሁ፤ አንቺ ከፈለግሽ› አለኝ።»

ኦቦ ኦላና በሕይወታቸው ሙሉ ዋሽተው የሚያውቁ አይመስለኝም።

«ታዲያ ምን መለስሽላቸው?»

«‹እኔ ሰምቻለሁ፣ አባ› አልኩት።»

ከዚያ ጋሪውን መግፋት ቀጠለች።

ልጆቼ፣ በየቤቱ ስለ ኤዶሳ ይወራል፤ ለአባቱ ያደረገውን ሁሉም ያውቃል፤ ይገባዋልም። ለእሷ ግን ማንም አላጨበጨበላትም፤ ያለችው አልተሰማምና። ስለዚያ ዓመት ሰው ሲያነሳ ብትሰሙ፣ እባካችሁ እሷንም አስታውሱልኝ።