ሦስት ቤት የዞረ ክብ

ሽማግሌው ሲራክ ሞቶ የተገኘው ማክሰኞ ጠዋት፣ ጎፋ ውስጥ በወይዘሮ ደራርቱ ግቢ በተከራየው ሰርቪስ ቤት ነው። የጭንቅላቱ የኋላ ክፍል ከብረት አልጋው ጠርዝ ጋር ተጋጭቶ ደሙ ሲሚንቶው ላይ ደርቋል። እንዲህ ያለው ሞት ብዙ ጊዜ «አዳልጦት ነው» ተብሎ ይቀበራል። ግን የወደቀ ሰው የራሱን ዓይን አይከድንም፤ መነጽሩን አጥፎ ከራስጌው አያስቀምጥም፤ ጋቢም ደርቦ እስከ አገጩ አይሸፈንም።

ኢንስፔክተር ገላኔ በንቲ ይህን ሁሉ አይታ በማስታወሻዋ ጻፈች። አጭር፣ ቀስ ብላ የምትራመድ፣ ሀና ማርያም ከገበሬ ቤት የተወለደች ሴት ናት። ባልደረቦቿ «ገላኔ ተጠርጣሪ ሳይሆን ሐዘንተኛ ነው የምትፈልገው» እያሉ ያሟታል። ሐሜቱ እውነትነት አለው።

ሲራክ አርባ ዓመት መሬት ቀያሽ ነበር። ጡረታ ሲወጣ መሬቱን ትቶ ሰማዩን መቀየስ ጀመረ። ሰው የተወለደበትን ቀንና ሰዓት ይዞለት ይመጣል፤ እሱ በኮምፓስ ክብ ይስላል፣ ክቡን ለአሥራ ሁለት ይከፍላል፣ ክፍሎቹንም «ቤት» ይላቸዋል። ግድግዳው ላይ ለደንበኞቹ የለጠፈው ወረቀት አሁንም አለ፤ አንደኛው ቤት የራስ፣ አራተኛው የርስትና የወላጅ፣ ስድስተኛው የበሽታ፣ ሰባተኛው የትዳር፣ ስምንተኛው የሞት፣ አሥራ አንደኛው የወዳጅና የተስፋ። ከሥሩ በቀይ ቀለም «በአንድ ቀን የተወለዱ ሁሉ ኮከባቸው አንድ ነው። ቤቱን የሚለየው ሰዓቱ ነው» ይላል።

ጠረጴዛው ላይ ስም ያልተጻፈበት አዲስ ክብ ተዘርግቷል። ቀን ብቻ አለው፤ የካቲት 1 ቀን 1982። እስክሪብቶው ክዳኑ አልተገጠመም። ክቡ ግርጌ፣ ቀያሾች ማስታወሻ በሚጽፉበት ጥግ፣ በእርሳስ የተጻፈ ደቃቅ መስመር አለ። ገላኔ ጎንበስ ብላ አነበበችውና ወረቀቱን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። የደንበኞች መዝገቡ ደግሞ አልጋው ሥር ወድቋል። ከጥቅምት ወር ገጾች አንዱ በጥድፊያ ተገንጥሏል።

ወይዘሮ ደራርቱ በረንዳው ላይ ቆመው በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ።

«ትናንት ማን መጣ፣ እናቴ?»

«እኔ ከሰዓት በኋላ ለቅሶ ቤት ነበርኩ ልጄ። ሰሞኑን ከእሱ ጋር የተጣላ እንደሆነ ሂርጳ አለ፣ የሀና ማርያሙ። ባለፈው ሳምንት እዚሁ በር ላይ ሲጮህበት ነበር። ሚሳኤልም አለ፣ ሚስቱን መጋቢት ላይ የቀበረው። እሱ ግን መጥቶ ዝም ብሎ ይቀመጣል እንጂ አይጣላም። ሌላው…» ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ሌላው የኔው ልጅ ነው። ከሌላ ከምትሰሚው ከእኔ ስሚው ብዬ ነው።»

ፍሮምሳ ጋራዥ የሚሠራ፣ እሑድ እሑድ መዘምራን ውስጥ የሚያገለግል የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት ነው። እጁ ላይ ያለውን ግሪስ በጨርቅ እየጠረገ ቀረበ።

«ውጣልን ብዬዋለሁ፣ አልክድም። በቤተ ክርስቲያን 'ጠንቋይ አከራዮች' እየተባልን ነው።»

«ትናንት ከሰዓት በኋላ የት ነበርክ?»

«ዘጠኝ ተኩል ሲሆን የረሳሁትን መፍቻ ልወስድ መጣሁ። ከውስጥ ጭቅጭቅ ሰማሁ። ሽማግሌው 'በእጅህ ነው የጻፍከው፤ እኔ ግን' ሲል ሰማሁት። ከዚያ የሆነ ነገር ወደቀ፤ ጸጥ አለ።»

«ገብተህ አላየህም?»

ልጁ አንገቱን ደፋ። «ደጁን ላልረግጥ ምዬ ነበር። ጸጥ ሲል ታረቁ አልኩ። ገብቼ ቢሆን ይተርፍ ነበር?»

ገላኔ መልሱን ታውቀዋለች፤ ሐኪሙ ወዲያው እንደሞተ ነግሯታል። «አይተርፍም ነበር» አለችው። ልጁ ግን የሚያምናት አልመሰለም።

ሂርጳን ሀና ማርያም አገኘችው። ከአባቱ እርሻ የተረፈችው ቁራሽ በሦስት ወገን በኮንዶሚኒየም ተከባለች። እሱ ላሟን ያልባል።

«ኦቦ ሂርጳ፣ ከሲራክ ጋር ምን አጣላችሁ?»

«አራተኛ ቤትህ ላይ ክፉ ኮከብ አለ፣ ዘንድሮ በርስት ነገር አትፈርም አለኝ። ጎረቤቶቼ ፈርመው ምትክ ቦታ መርጠው ወሰዱ። እኔ ስዘገይ የቀረኝ ገደል አፋፍ ነው። አዎ፣ ሰደብኩት። ትናንት ግን ቀኑን ሙሉ ቀበሌ ወረፋ ላይ ነበርኩ፤ ሃምሳ ሰው አይቶኛል።»

«ሰዓቱን ማን ነገረው? የተወለዱበትን።»

«እኔ የት አውቄ? እኅቴ ናት የምታውቀው። እሷን አስመጣኝና ስሜን እኔ በራሴ እጅ፣ ሰዓቱን እሷ በራሷ እጅ መዝገቡ ላይ ጻፍን። ለሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው። 'ድንበር ስንተክል ባለርስቱም ይፈርማል፣ ድንበሩን የሚያውቀው ምስክርም ይፈርማል' ይላል። ማንም ሲወለድ ሰዓት አይቶ አያውቅማ።» ሂርጳ ወተቱን ወደ ጎን አደረገ። «ክፉ ሰው አልነበረም፣ ልጄ። ሲሳሳት ከልቡ ነበር የሚሳሳተው።»

ሚሳኤል ቤቱ ነፋስ ስልክ ነው፤ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነው። ገላኔ ስትገባ የሴት ሹራብ ከበሩ ኋላ እንደተሰቀለ አየች። አጠገቡ ያለው መስቀያ ላይ የእሱ ኮት ሊንጠለጠል ይችል ነበር፤ እሱ ግን ወንበር ላይ ጥሎታል።

«ባለቤትዎ ምን ሆነው ነው የሞቱት?»

«ልቧን ታማ። ቀዶ ሕክምና ተቀጥሮላት ነበር፣ ኅዳር ላይ። ፈራች። እኛ አማኞች ነን፣ እንዲህ ያለ ቦታ አንሄድም። ግን የፈራ ሰው የማያንኳኳው በር የለም። ጥቅምት ላይ ጋሽ ሲራክ ዘንድ ሄደች። ክፉው ኮከብ፣ ዙሐል የሚሉት፣ ስምንተኛ ቤትሽ ነው፤ ይህ ዓመት ሳያልፍ ቢላ አይንካሽ አላት። አራዘመችው። መጋቢት ላይ ሞተች።»

«አብረዋት ሄደው ነበር?»

«ብቻዋን ነው የሄደችው።»

«ከዚያ ወዲህ እሱ ዘንድ መቼ ሄዱ?»

«ከፋሲካ ወዲህ አልሄድኩም።»

«አልጠሉትም?»

«መጀመሪያ አልጠላሁትም። ተጽፎላት ነበር ብዬ ተጽናናሁ። ኋላ ግን… የተስፋዋን ቤት የሞት ቤት አደረገው። ለዚያ ምን ይባላል?»

ገላኔ ማስታወሻዋን አጠፈች። ስትወጣ ብቻ የባለቤቱን የልደት ቀን ጠየቀችው። የካቲት 1 ቀን 1982 አላት።

በዚያው ዕለት ወደ ሲራክ ቤት ተመልሳ የቅጂዎቹን ፋይል ከፈተች። ከሚስላቸው ክቦች አንዳንድ ቅጂ ያስቀር ነበር። የሚሳኤል ባለቤት የምሥጋና ክብ ጥቅምት ላይ ካሉት መካከል ነው። ከጠረጴዛው ክብ ጎን አስቀምጣ ብዙ ቆየች። ከዚያም ላፍቶ ለሚኖሩት ለምሥጋና አክስት፣ ለወይዘሮ ገበያነሽ ደወለች።

«እትዬ፣ ምሥጋና ስትወለድ ነበሩ?»

«እኔ ነኛ የተቀበልኳት ከአዋላጇ እጅ። በጠዋት ነው። አባቷ በደስታ ከሥራ ቀረ።» አሮጊቷ ቀጠሉ። «ምነው ሰው ሁሉ ይህን ይጠይቀኛል? ሚሳኤልም እሑድ ዕለት ጠይቆኝ፣ ስነግረው ፊቱ አመድ መስሎ ወጣ።»

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አራቱም ደራርቱ ሳሎን ተሰበሰቡ። የሰኔ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ደራርቱ ከልጃቸው ጎን፣ ሂርጳ በሩ ጋ፣ ሚሳኤል ጥግ ላይ ተቀመጡ። ገላኔ ሁለቱን ክቦች ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች።

«ከጋቢው እጀምራለሁ» አለች። «የገደለው ሰው ዓይኑን ከድኖለታል፤ አልብሶታልም። ይህ የጠላት ሥራ አይደለም። ፍሮምሳ ደጁን ለመርገጥ እንኳ የሚጸየፍ ልጅ ነው። ኦቦ ሂርጳ ወረፋ ላይ እንደነበሩ አጣርቻለሁ።»

«ተመስገን» አለ ሂርጳ በዝግታ።

«ቀጥሎ ይህ ክብ። ስም የለውም፤ ግን ቀኑ የምሥጋና ነው። ኮከቦቹን ከጥቅምቱ ቅጂ ጋር አስተያየሁ። ሁሉም እርስ በርሳቸው ያላቸው ርቀት አንድ ነው። የተለያየው ቤታቸው ነው። በአሮጌው ዙሐል ስምንተኛው ላይ ነው፣ የሞት ቤት። በአዲሱ አሥራ አንደኛው ላይ፣ የወዳጅና የተስፋ ቤት። ክቡ ልክ ሦስት ቤት ዞሯል።»

«ሦስት ቤት ምን ማለት ነው?» አሉ ደራርቱ።

«አሥራ ሁለቱ ቤቶች በሃያ አራት ሰዓት አንድ ጊዜ ይዞራሉ፤ ለአንዱ ቤት ሁለት ሰዓት። ሦስት ቤት ስድስት ሰዓት ነው። ስድስት ሰዓት ደግሞ በእኛ ሰዓትና በፈረንጅ ሰዓት መካከል ያለው ልዩነት ነው። ምሥጋና የተወለደችው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነው። የሐኪም ቤቱን የልደት ካርድ አስወጥቼ አየሁ፤ እሱ ግን በፈረንጅ አቆጣጠር ስምንት ሰዓት ይላል። አንድ ሰው ካርዱን አይቶ እንደኛ ሰዓት ቀን ስምንት ብሎ ለሽማግሌው ሰጠው። እሱም በዚያው ሳለ። ከዚያ የሆነውን ታውቃላችሁ።»

ገላኔ ቀጠለች።

«ማን ሰጠው? ሲራክ ስሙን ባለጉዳዩን፣ ሰዓቱን ደግሞ ምስክሩን በየእጃቸው ያስጽፍ ነበር። የተገነጠለው ገጽ ምሥጋና የመጣችበት ቀን ነው። እሷ የለችም፤ ስለዚህ የገነጠለው የምስክሩ ጽሕፈት እንዳይታይ የፈለገ ነው። አቶ ሚሳኤል፣ ብቻዋን ነው የሄደችው ብለውኛል። ነገር ግን የተስፋዋን ቤት የሞት ቤት አደረገው አሉ። በአሮጌው ክብ ዙሐል የተስፋ ቤት ውስጥ የለም። ይህን ሊያውቅ የሚችለው ሰኞ ዕለት አዲሱ ክብ ሲሳል አጠገቡ የቆመ ሰው ብቻ ነው።»

ሚሳኤል እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ሲናገር ተማሪዎቹን እንደሚያስተምር ቀስ ብሎ ነበር።

«እትዬ ገበያነሽ ዘንድ የሄድኩት እንዲያው ስለ እሷ ሰው እንዲያወራልኝ ብዬ ነው። በጠዋት ተወለደች ሲሉኝ ካርዱን አስታወስኩ። ሰኞ ወደ ሽማግሌው ሄድኩ። ሳልከው፣ ተሳሳትክ፣ ገደልካት አልኩት። የጠዋቱን ሰዓት ይዞ አዲስ ክብ ሳለ። ዙሐልን እያመለከተ አሥራ አንደኛ ቤት አለ። ከዚያ መዝገቡን ገለጠልኝ። ስምንት ሰዓት፣ የኔ ጽሕፈት። በእጅህ ነው የጻፍከው ሲለኝ መስማት አልቻልኩም። ዝም እንዲል ብቻ ነበር የገፋሁት።» ቀና አለ። «ከተጽናናሁባት ከአንዲቷ ነገር ነቀለኝ። ተጽፎላት ነበር ብዬ ነበር። የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ወይዘሮ ደራርቱ ማልቀስ ጀመሩ። ለማን እንደሚያለቅሱ እሳቸውም አያውቁም።

«ገጹን አላቃጠሉትም» አለች ገላኔ።

«እንዴት አወቁ?»

«ሹራቧን ከበሩ ኋላ ያላነሣ ሰው፣ ስሟን በእጇ የጻፈችበትን ወረቀት አያቃጥልም።»

ሚሳኤል ከደረት ኪሱ በአራት የታጠፈ ገጽ አወጣ። ከላይ በጎባጣ ፊደል «ምሥጋና» ይላል። ከሥሩ ደማቅ፣ ቀጥ ያለ የመምህር ጽሕፈት «ቀን 8 ሰዓት»። ጠረጴዛው ላይ አኖረው፤ ጣቱን ግን ከስሟ ላይ አላነሣም።

ገላኔ አዲሱን ክብ ወደ እሱ ገፋችው። «ፍሮምሳ ሽማግሌው 'እኔ ግን' ሲል ሰምቶታል። አላስጨረሱትም። ሊል የፈለገውን ግን እርስዎ ሲጮሁበት እዚህ ግርጌ ጽፎት ነበር። እርስዎ ክቡን ብቻ ነው ያዩት። ያንብቡት።»

ሚሳኤል አጎነበሰ። በእርሳስ የተጻፈው ደቃቅ መስመር እንዲህ ይላል፦

«ስሕተቱ የቀያሹ ነው። በእኛ ነው በፈረንጅ ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። ባልየው ጥፋት የለበትም።»

ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ ወንበሩ ላይ ተደፍቶ፣ መጋቢት ላይ በሚስቱ ቀብር ዕለት ያላለቀሰውን አለቀሰ። ፍሮምሳ ተነሥቶ አጠገቡ ተቀመጠ፤ እጁን ትከሻው ላይ አሳረፈ። ገላኔም ዝናቡ እስኪያባራ ድረስ ካቴናውን ከኪሷ አላወጣችም።