ያልተጻፉት ሦስት ጠቅታዎች

«ጥይት» የሚሉት የሞተር ተወዳዳሪ በልምምድ ላይ ወድቆ ከሞተ ሁለት ሰዓት አልሞላውም። የጋራዡ የብረት መዝጊያ እስከ መሬት ወርዶ ነበር፤ ከውጭ ፖሊስ ቆሟል። ውስጥ አራት ሰዎችና ጎኑ የተፋቀ አንድ ሞተር ቀርተዋል። መስኮት ስላልነበረ የቤንዚኑ ሽታም መውጫ አጥቶ አብሯቸው ተቆልፎ ነበር።

ከአራቱ አንዱ መካኒኩ ነው። ሁሉን በቁጥር ስለሚሠራ «ቆጣሪው» ይሉታል። ደረጃ ሲወጣ እንኳ ይቆጥራል እያሉ ይቀልዱበታል፤ እሱም አይክድም። የጥይትን ሞተር አሥራ አንድ ዓመት ያዘጋጀው እሱ ነው። አሁን እጆቹን ጭኖቹ መሃል ሸጉጦ ባልዲ ላይ ተቀምጧል። ለማንም ያልተናገረው ነገር ነበረው፤ ዛሬ ጠዋት ሞተሩ ላይ አንድ ነገር ቀይሯል፣ ሁሉን በሚጽፍበት ደብተር ላይ ግን አልጻፈውም። የገደልኩት እኔ ነኝ እያለ ሲያስብ ግድግዳዎቹ የቀረቡት ይመስለው ነበር።

መርማሪዋ በትንሿ በር ጎንበስ ብላ ገባች። አጭር ሴት ናት፤ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላለች። ማንንም ሳታናግር ሞተሩ ፊት ተንበርክካ ቆየች። ከዚያ የተደረደሩ ጎማዎች ላይ ተመቻችታ ተቀመጠች።

«ስለ ሞተር የማውቀው መንገድ ስሻገር መሸሽ ብቻ ነው» አለች። «እንደ ልጅ ቁጠሩኝና አስረዱኝ። ይቺ የፕላስቲክ ማሰሪያ ምንድን ናት?»

«የፊት ጎማውን የያዙት ሁለት ቱቦዎች ፎርኬታ ይባላሉ» አለ ቆጣሪው። «ፍሬን ሲያዝ ፎርኬታው ይታመቅና ማሰሪያዋን ወደ ታች ይገፋታል። ምን ያህል እንደታመቀ በሷ እናነባለን። ሊወጣ ሲል ወደ ላይ እመልሳታለሁ።»

«በዚያ ፍጥነት ፍሬን ሲይዝ ምን ያህል ትወርዳለች?»

«አራት ጣት፤ ከዚያም በላይ።»

«አንድ ጣት ነው የወረደችው።»

ቆጣሪው ብድግ ብሎ አየና ፊቱ ዓመድ መሰለ። «ፎርኬታው ደርቆ ነበር ማለት ነው። እንደ ዱላ! እንዲህ ሆኖ ፍሬን ከተያዘ የፊት ጎማው መሬት አይጨብጥም።»

«የሚያደርቀው ምንድን ነው?»

«አናቱ ላይ ያሉት ብሎኖች። ሲዘጉ ይደርቃል፣ ሲከፈቱ ይላላል። ሙሉ በሙሉ ከተዘጉበት ጀምሮ ጠቅ፣ ጠቅ እያሉ ይቆጠራሉ፤ ሁለቱም እኩል ነው የሚሆኑት።»

«የሚነካቸውስ ማነው?»

«እኔ ብቻ።»

«ይኸው፣ ከራሱ አፍ ወጣ!» አለ የቡድኑ ሥራ አስኪያጅ ሰዓቱን እያየ። «ታዲያ እኛን እዚህ አፍኖ ማቆየት ለምን አስፈለገ?»

«ጌታዬ፣ ትንሽ ይታፈኑልኝ» አለች መርማሪዋ። ለቆጣሪው ካቻቢቴ አቀበለችው። «ይዝጓቸውና ይቁጠሩልኝ።»

የጠቅታው ድምፅ በዝግ ቤት ውስጥ ጎልቶ ተሰማ። ሁለቱም ብሎኖች አሥራ ሁለት ላይ ቆሙ። መርማሪዋ ከምስማር ላይ ከተሰቀለው የቆጣሪው ጃኬት ኪስ ደብተሩን አውጥታ ገለጠች። የትናንቱ ገጽ ላይ «አሥራ ሁለት» ይላል።

«እንግዲህ ሲወድቅ ደርቆ ነበር፤ አሁን ልክ ደብተሩ እንደሚለው ላልቷል። ከአደጋው በኋላ አንድ ሰው መልሶታል። ሞተሩ ተጭኖ ሲመጣ ማን ነበር?»

«ሦስታችንም ነበርን፤ ግን እየተፈራረቅን ስልክ ልንደውል እንወጣ ነበር» አለች ልብስ ሰፊዋ። የተወዳዳሪዎቹን የቆዳ ቱታና መከላከያ የምትጠግነው እሷ ናት።

«ቆጣሪውም ጥይትን ካደረሰበት ክሊኒክ ሲመለስ እዚህ ብቻውን ነበር» ብሎ ጨመረ ሥራ አስኪያጁ።

«ብቻዬን ነበርኩ» አለ ቆጣሪው። ዙሪያው ገደል ሆነበት።

መርማሪዋ ደብተሩን ዘግታ ተራ በተራ አየቻቸው። «ዛሬ ጠዋት ብሎኖቹ ስንት ላይ ነበሩ?»

«እኔ የማውቀው ውል መፈረም ነው» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«እኔ ክርና መርፌ» አለች ሰፊዋ።

አራተኛው ሰው አማቹ ነበር፤ የጥይት ሚስት ታናሽ ወንድም፣ የቡድኑ ሁለተኛ ተወዳዳሪ። የቱታውን ላይኛ ክፍል አውልቆ ወገቡ ላይ አስሮታል፤ የጀርባ መከላከያው ግን እንደታሰረ ነው። ዓይኑ በልቅሶ አብጧል። «አሥራ ሁለት ነው» አለ። «ከትናንት ወዲህ አልተቀየረም። ጋሼ ቆጣሪው ሳይጽፍ ምንም አይነካም።»

«እርስዎስ ምን ይላሉ?»

ቆጣሪው የወረደውን የብረት መዝጊያ አየ። አሥራ ሁለት ብሎ ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም። እውነቱን ቢናገር ግን በገዛ እጁ መታሰሩ ነው። የጥይት ሳቅ ትዝ አለው።

«አሥራ አምስት» አለ። «ከመጀመሪያው ልምምድ ሲመለስ ‹እጄን እየመታኝ ነው› አለኝ። ሦስት ሦስት ጠቅታ ከፈትኩለት። አልጻፍኩትም። የምጽፈው ዙሩን ጨርሶ ሲመለስ፣ ማሰሪያዋን ካነበብኩ በኋላ ነው። አልተመለሰም።»

«አለቀ!» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«አሁን ገና ተጀመረ» አለች መርማሪዋ፤ ተነስታም መሃላቸው ቆመች። «ይህ ሰው አድርቆት፣ ሊሸፍንም መልሶት ቢሆን፣ አሁን ‹አሥራ ሁለት› ብሎ ከደብተሩ ጋር ይስማማ ነበር። አሥራ ሁለት ላይ የመለሰው ደብተሩን ብቻ ያየ ሰው ነው። ያ ሰው ሲዘጋው ቸኩሎ አልቆጠረም፤ ቢቆጥር ኖሮ አሥራ አምስት ያገኝ ነበር። ቆጣሪው ደግሞ ሳይቆጥር ብሎን አይዘጋም። ለመሆኑ ከከፈቱት በኋላ ምን አደረጉ?»

«የቀለም ነጥብ። ብሎኑ ዞሮ እንደሆነ እንዳውቅ። ነጩ አልቆ ስለነበር ዛሬ አዲስ ቢጫ ከፈትኩ። ሳይደርቅ ቤንዚን ላመጣ ወጣሁ፤ ስመለስ ጥይት ቸኩሎ ስለነበር ነጥቡን ሳላይ ለቀቅኩት።»

«አሁን ነጥቡ የለም፤ በአውራ ጣት ተጠርጓል። ጣቱ ደግሞ የሆነ ቦታ ተጠርጓል።» ወደ አማቹ ዞረች። «እስቲ ወደ መብራቱ ቀረብ በል።»

በመከላከያው ማንገቻ ላይ፣ ከብብቱ በላይ፣ ቢጫ ጭረት ነበር።

ሰፊዋ መነጽሯን አስተካክላ ተጠጋች። «ትናንት ማታ አጥቤ የሰፋሁት ነው፤ ቀለም አልነበረበትም። ቀዩ ክር የኔ ነው...» ድምጿ ተቆረጠ። «ይሄ ያንተ አይደለም። ይሄ የጥይት ነው!»

አማቹ ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

«የኔ ተቀዶ ነበር» አለ። «ጠዋት አይቶ ‹አንተ ልጅ ነህ፣ የኔን ልበስ፤ ለዛሬ ያንተ ይበቃኛል› አለኝ። ለሚቀጥለው ውድድር ቦታው አንድ ብቻ ነው፤ ፈጣኑ ነው የሚገባው። እንዲዘገይ ብዬ ነው። ሲያስቸግረው ቶሎ ይመለሳል ብዬ ነው፣ በእህቴ ሞት! ሲወድቅ ጨነቀኝ፤ ደብተሩን አይቼ መለስኩት።»

«ጋሼህ እንዲታሰርልህ?»

«ሁሉም አደጋ ነው ብለው ይተዉታል ብዬ ነበር።» ዓይኑን ወደ ሰፊዋ አነሳ። «እትዬ፣ የሞተው በምኑ ነው?»

ሰፊዋ ሻሿን አፏ ላይ አደረገች። የመለሰችው መርማሪዋ ናት፤ ድምጿም ዝቅ አለ። «ሐኪሙ ጀርባው ነው ይላል። የለበሰው መከላከያ መሃሉ ላይ ተከፍሏል።»

አማቹ ማንገቻውን ሊያወልቅ ታገለ፤ ማያያዣው ግን አልፈታ አለው። በመጨረሻ ቆጣሪው ሄዶ አጠገቡ ተንበረከከና ፈታለት። በቁጣ ሊፈታው ነበር የተነሳው፤ ደርሶ ሲያየው ግን ማልቀስ ብቻ መጣበት።

የብረት መዝጊያው እየተንቋቋ ተነሳ፤ ብርሃኑ ከእግራቸው ጀምሮ ገባ። አማቹን ሲወስዱት ሥራ አስኪያጁ መንገድ ለቀቀ። ቆጣሪው ደብተሩን ተቀበለና በዛሬው ገጽ ላይ «አሥራ አምስት» ብሎ ጻፈ። ከአጠገቡ ሁልጊዜ ጥይት ሲመለስ የሚነግረውን የሚጽፍበት ባዶ መስመር ነበር። እስክሪብቶውን እዚያ ላይ ይዞ ብዙ ቆየና ሳይጽፍ ዘጋው።