ያልተጠየቀች ጠያቂ

ታላቅ ወንድሟን ልትጠይቅ ባህር ተሻግራ ስትሄድ፣ አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ የሚቀበላት ሰው አልነበረም። ሻንጣዋን እየገፋች ወጣች፤ የቆሙትን ሰዎች ፊት አየች፤ ጋሼ የለም። ደወለችለት።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ወጥቻለሁ።»

«ዛሬ ነው እንዴ? በይ እዚያው ጠብቂኝ፣ ስብሰባ ላይ ነኝ።»

ስልኩን ኪሷ ከተተችው። ለዓመታት ያላያትን እህቱን «ናፍቀሽኛል፣ ነይ» ብሎ የጠራ ሰው የምትመጣበትን ቀን ይረሳል? ንዴቱና ብርዱ ተጋግዘው ጥርሷን አንገጫገጩት። የለበሰችው ስስ ሹራብ ነበር።

«ይቅርታ እህቴ፣ ስታወሪ ሰምቼ ነው» አላት አንድ ወጣት በገዛ ቋንቋዋ። «ይኼን ደርቢው።»

የከተማ አውቶቡስ ሹፌሮችን ደንብ ልብስ ለብሷል። በአንድ እጁ አበባ፣ በሌላው የሴት ካፖርት ይዟል። ዓይኖቹ ቀልተዋል።

«የማን ነው?»

«የእናቴ። ዛሬ ትገባለች ብዬ ገዝቼላት ነበር። ወረቀትሽ አልተሟላም ብለው እዚያው አገር ቤት ከበር መለሷት። ገና አሁን መስማቴ ነው።»

«አንተ እንግዳህ ቀረብህ፣ እኔ ተቀባዬ ቀረብኝ» አለችው።

ተያዩ። ሁለቱም ሳያስቡት ሳቁ። ወንድሟ እስኪመጣ አብሯት ተቀመጠ። የወንድሟን ሰፈር ሲሰማ «የእኔ መስመር በዚያ ነው የሚያልፈው፤ ካፖርቱን ስትሳፈሪ ትመልሺልኛለሽ» አላት።

ካፖርቱን በማግስቱ መለሰችለት። ከዚያ በኋላ ግን የምትመልሰው ነገር ባይኖርም መሳፈሯን አልተወችም። ከሹፌሩ ጀርባ ያለው ወንበር ላይ ትቀመጣለች። መጨረሻው ፌርማታ ላይ ሰው ሁሉ ወርዶ ሲያልቅ፣ ሞተሩን አጥፍቶ ወደ እሷ ይዞራል።

እሷ አገሯ መነጽር ቤት ውስጥ ነው የምትሠራው፤ መስታወት ቆርጣ፣ ሞርዳ፣ ከፍሬሙ ጋር ትገጥማለች። ስለዚህ ሰው ስታይ መጀመሪያ የምታየው ዓይኑን ነው።

«ስትስቅ ግራ ዓይንህ ቀድሞ ይከደናል» አለችው አንድ ቀን።

«በመነጽር ይስተካከላል?»

«ባይስተካከል ይሻላል።»

ይህን ብላ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። ጉንጯ ግን ግሎ ነበር።

ቤት ውስጥ ጋሼ እንክብካቤ አበዛባት። ቀሚስ ገዛላት፤ ፀጉር ቤት ወሰዳት። ያን ቀን መርሳቱ ጸጽቶት መሰላት። በየእሁዱ ምሳ ላይ የሚመጣ አንድ ጓደኛ ነበረው፤ ሦስት ትልልቅ ሱቆች ያሉት፣ ጨዋ፣ ዕድሜው ገፋ ያለ ሰው። «ልጆች ትወጃለሽ?» ይላታል። «ማን ይጠላል» ትለዋለች። ከዚያ በላይ አላሰበችም።

አንድ ማክሰኞ ስትሳፈር ሹፌሩ ቀና ብሎ አላያትም። «ደህና አደርሽ» ብሎ መንገዱን አየ። መጨረሻው ፌርማታ ላይም ከመሪው ፊቱን አላዞረም። ግራ ገብቷት ቤት ስትመለስ ጋሼ ሶፋው ላይ ጠበቃት።

«ያ ሹፌር ሚስትና ልጆች አሉት። አጣርቻለሁ። ሰው እንዳይስቅብሽ።»

ክፍሏ ገብታ በሯን ዘጋች። ለቀናት ከቤት አልወጣችም። እንባዋን እንዳያዩባት ጉንፋን ይዞኛል አለች።

ቅዳሜ ዕለት የወንድሟ ሚስት ዕቃ እያጠበች፣ እሷ እያደረቀች፣ ሴትዮዋ በድንገት ቧንቧውን ዘጋችው።

«ከዚህ በላይ አልችልም። ውሸት ነው። ልጁ ሚስትም ልጅም የለውም። ለልጁም ወንድምሽ ፌርማታው ድረስ ሄዶ እጮኛ አላት፣ ትዳሯን አታፍርስ ብሎታል። ከባለሱቁ ጋር ተነጋግረው ጨርሰዋል። ነገ ቀለበት ይዞ ይመጣል።»

«ለማን?»

«ለአንቺ።»

ሳህኑን ቀስ ብላ አስቀመጠችው። ብትሰብረው ደስ ይላት ነበር፤ ግን የሴትዮዋ ሳህን ነው። ሹራቧን ደርባ ወጣች።

አውቶቡሱ ሲመጣ ገብታ አጠገቡ ቆመች። ከራሷ በላይ «ሹፌሩን ማነጋገር ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል።

«ሚስትህ ደህና ናት? ልጆችህስ?»

«የምን ልጆች?»

«ወንድሜ የወለደልህ ልጆች። ለእኔም እጮኛ ወልዶልኛል፤ እሱን አምነህ ነው ፊትህን ያዞርክብኝ።»

ፊቱ ተለዋወጠ። «ወንድምሽ ነው እኮ የነገረኝ። ወንድም ይዋሻል ብዬ አላሰብኩም።»

«እሺ እሱስ ዋሸ። አንተ አፍ የለህም? እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር። ለምን እኔን አልጠየቅከኝም?»

ያቀረቀሩት ተሳፋሪዎች ሁሉ ቀና ብለው ያዩ ነበር። «አጥፍቻለሁ» አለ ቀስ ብሎ።

«አጥፍተሃል» አለችና በሚቀጥለው ፌርማታ ወረደች።

በማግስቱ ባለሱቁ መጣ። ምሳው ሳይነሳ ቀለበቱን ከኪሱ ሲያወጣ፣ እሷ ተነሳች።

«እርስዎን የምቀየምበት ምክንያት የለኝም። ግን ይኼን ነገር የሰማሁት ትናንት፣ ዕቃ ሳደርቅ ነው። ማንም አልጠየቀኝም፤ ብጠየቅም እንቢ ነው መልሴ።»

ሰውዬው ወደ ጋሼ ዞረ። «ደስ ብሏት ተስማምታለች አላልከኝም?» ጋሼ አቀረቀረ። ሰውዬው ቀለበቱን ኪሱ መለሰ፤ ይቅርታ ጠይቋት ወጣ።

«አዋረድሽኝ» አለ ጋሼ በሩ እንደተዘጋ። «መስታወት ስትሞርጂ ልታረጂ ነው? ለአንቺ ብዬ እኮ ነው።»

«ለእኔ ብለህ ሰው ዋሸህ፤ ለእኔ ብለህ ሸጥከኝ። አንዴ እንኳ ለእኔ ብለህ ምን ትፈልጊያለሽ አላልከኝም። ጥየቃ ነበር የመጣሁት ጋሼ። ናፍቀኸኝ ነበር።»

ድምጿ የተሰበረው እዚያ ላይ ብቻ ነው።

ሻንጣዋን ስትዘጋ የወንድሟ ሚስት አብራት አጣጠፈች። ሹፌሩ ከወንድሟ ሚስት ሰምቶ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ መጣ። ከተሰላፊው ሰው ለብቻ ነጠል አድርጎ ይቅርታ ለመናት፤ ቀጥሎም «ቅሪ» አላት።

«በቁጣ ከወንድሜ ቤት ወጥቼ፣ በቁጣ አንተ ቤት አልገባም» አለችው። «ከልብህ ከሆነ እኔ ያለሁበት ና። እናትህም እዚያ ናት።»

ቃል አልገባም። አንገቱን ብቻ ነቀነቀ። ስትገባ ዞር ብላ አየችው፤ እስክትሰወር ቆሞ ነበር።

ወራት አለፉ። በየቀኑ ይደውል ነበር፤ ንዴቷ ግን ቶሎ አልበረደም። አንዳንድ ቀን በእሱ፣ ብዙውን ቀን በጋሼ እየተናደደች፣ መስታወት ስትሞርድ እጇ ይጠነክራል። ጋሼ ሲደውል «ደህና ነኝ» ብላ ስልኩን ለእናቷ ትሰጣለች።

አንድ ረፋድ ቀና ስትል ሹፌሩ ከመነጽር ቤቱ ባንኮኒ ማዶ ቆሟል፤ ያለ ደንብ ልብሱ፣ እናቱን ክንዷን ይዞ። እናቲቱ ከላይ እስከ ታች አይታት ፈገግ አለች፤ ከዚያም ፍሬም የምታይ መስላ ራቅ አለች።

«ሁሉን ነገር ወስኜ አልመጣሁም» አላት። ግንባሩ ላይ ላብ ነበር። «ታገቢኛለሽ ወይ? እሺ ካልሽ የት እንኑር? እዚህ? እዚያ? ሥራሽስ? አንቺ ምን ትፈልጊያለሽ?»

ማንም ሰው እንዲህ ደርድሮ ጠይቋት አያውቅም። የሥራ መነጽሯን አወለቀች፤ ዓይኗ ረጥቦ ነበርና ጨርቁን ፈለገች።

«የመጀመሪያው እሺ ነው» አለችው። «ለሌላው ወንበር ሳብና ቁጭ በል። ብዙ የምናወራው አለን።»